በሰው ሐዘን መቅናት

ቅናት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ባል ነው፤ ወይም ቤት፣ ወይም የጎረቤት ልጅ ትምህርት። ዳላስ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እኔን ያቃጠለኝ ቅናት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ስለነበር ለማንም ማስረዳት ይቸግረኝ ነበር። የቀናሁት በአንዲት ሴት ቅድመ አያቶች ነው። ያውም ባሪያ በነበሩ ቅድመ አያቶች።

ሴትዮዋ የምሠራበት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ከእናቴ ብታንስ በጥቂት ዓመት ነው። ሁሉም ሰው በስሟ ይጠራታል። እኔ ግን በዕድሜ እናቴን የምትቀርብ ሴት ስሟን ብቻ አንጠልጥዬ መጥራት ስላቃተኝ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ «እትዬ» አልኳት። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ታላቅ እህቴ እንደ ማለት ነው» አልኳት። ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችውና ወደደችው። ሳይቆይ ከሜክሲኮ የመጣችውም፣ ከቬትናም የመጣችውም እትዬ ይሏት ጀመር።

እትዬ ወሬ ትወዳለች። ትልልቁን አንሶላ ለሁለት ይዘን ስናጥፍ፣ እሷ ከዚያ እኔ ከዚህ እየተራመድን ጫፍ ከጫፍ ስናጋጥም፣ የዘመዶቿን ታሪክ ታወራልኛለች። ሥራ ቦታ ባለው ቁም ሣጥኗ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ፎቶግራፋቸውን ለጥፋለች፤ ለካፖርቷ መስቀያ እንኳ ቦታ አልተረፈም። አንድ ሰኞ ጠዋት እንዲሁ እያጠፍን ሳለ፣ «የአያቴ አያት እዚህ ቴክሳስ ውስጥ ከነሕፃኗ ተሸጣለች» አለችኝ። ትናንት ዝናብ ዘነበ እንደምትል ሰው ነው የተናገረችው። ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አንገቱን አልደፋም፤ ማንም አልሳቀም። እትዬም አንሶላውን ይዛ ወደ እኔ መምጣቷን ቀጠለች። እኔ ነኝ ቆሜ የቀረሁት።

የደነገጥኩት ስላዘንኩላት አልነበረም። በእኛ ቤት ባሪያ የሚለው ቃል አይነሳም ነበር።

አዲስ አበባ ሳለን፣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እናቴን ተከትዬ ቦኖ ውሃ ልንቀዳ ሄድን። በወረፋ ምክንያት ከአንዲት የሰፈር ሴት ጋር ተጣሉ። ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ «አንቺ የባሪያ ልጅ፣ ወረፋ ደግሞ ማን ሰጠሽ?» አለቻት። እናቴ ግማሽ ድረስ የሞላውን እንስራ አንስታ ወደ ቤት ሄደች። እኔም ተከትዬ፣ «እማዬ፣ ምን ማለቷ ነው?» ስላት፣ «ሰው ሲናደድ አፉ ያመጣለትን ይላል» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ የምቀዳው እኔ ሆንኩ። እናቴ ቦኖው ጋ ደግማ አልሄደችም። ስድቡ እውነት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ያወቅኩት በዚያ ነው።

ስለ አያቴ የማውቀው እኔ ሳልወለድ ወሎ ገጠር ውስጥ መሞቷንና የክርስትና ስሟን ብቻ ነው። ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ፣ «ደግ ሴት ነበረች» የሚል ነው። ከዚያ በላይ ስሄድ እናቴ ድንገት ምድጃ ላይ የምታየው ነገር ይኖራታል።

ባለቤቴን ያገኘሁት ካርቱም፣ ሁለታችንም ስደተኛ ሆነን ነው። ካርቱም ላይ ማንም የማንንም ዘር አልጠየቀም፤ ሰው የሚጠየቀው ውሃ የት እንደሚገኝና ፎርም የት እንደሚሞላ ነበር። ዳላስ መጥተን ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር አፓርትመንት ከተከራየን፣ እሱም ታክሲ መንዳት ከጀመረ በኋላ ግን ወገኖቹ ተሰባሰቡ። በዓል ሲመጣ ሰብሰብ ብለው ሲጫወቱ አባቶቹን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ሳይሳሳት፣ ሳይደናቀፍ፣ ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛው የት እንዳረሰ፣ የትኛው በየትኛው ደብር እንደተቀበረ ይናገራል። ሲጨርስ ያጨበጭቡለታል። እኔ ሳህን ማንሳት የምጀምረው ያን ጊዜ ነው። በባሌ ዘር እየቀናሁ እንደሆነ ለራሴም አላመንኩም ነበር፤ ሳህኑ ስለበዛ የተበሳጨሁ ይመስለኝ ነበር።

በባሌ መቅናቱስ ይገባኛል፤ ያለው ሰው ያስቀናል። በእትዬ የቀናሁት ግን ምን ስላላት ነው? እሷም እንደ እኔ ከባሪያ ነው የተወለደችው። ልዩነቱ እሷ መናገሯ ነው። ቁም ሣጥኗ በር ላይ ለጥፋዋለች። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

እናቴን ወደ ዳላስ ባመጣናት በዓመቱ፣ እትዬ ሁለታችንን ለዘመዶቿ ዓመታዊ ስብሰባ ጋበዘችን። በየሰኔው ከያሉበት ተጠራርተው ይገናኛሉ። በዚያ ዓመት ደግሞ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ጥጥ የለቀሙበትን እርሻ ሊጎበኙ ነው። ከዳላስ በስተምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ ትልቁ ቤት ታድሶ ሙዚየም ሆኗል አለች። ለእናቴ ስነግራት ቀኑን ጠየቀችኝ። ቆጥራ ስትደርስበት ሰኔ ሚካኤል ሆነ።

«ሚካኤልን ትቼ የሰው እርሻ ላይ ምን ልሠራ?» አለች።

የእትዬ ወገኖች ያን ቀን ለምን እንደመረጡት ነገርኳት። የነጻነቱ አዋጅ ከወጣ በኋላ ቴክሳስ ሳይደርስ ከሁለት ዓመት በላይ እንደዘገየ፣ ሰዎቹ ነጻ መሆናቸውን ሳያውቁ ሲለቅሙ እንደከረሙ፣ ዜናው የተነገራቸውም በዚያ ቀን እንደሆነ። እናቴ ቀኑን በጣቷ ደግማ ቆጠረች።

«በሚካኤል ቀን?»

«በሚካኤል ቀን።»

«እንግዲያ እሱ ነው ያደረሰላቸው» አለችና ለመሄድ ተስማማች።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ በራፋችን ላይ ፓርክ አደረገች። ለሁላችንም የዘመዶቿን ካናቴራ ይዛ ነበር፤ ወይን ጠጅ ቀለም ሆኖ ደረቱ ላይ ትልቅ ዛፍ የታተመበት። እኔ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። እናቴ ግን በቀሚሷ ላይ አጥልቃ ነጠላዋን ደረበችበት። ባለቤቴ ሊሸኘን ወጥቶ ሲያያት ሳቅ አመለጠው፤ «አምሮብዎታል» ብሎ ወደ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋው ሄደ። እትዬ፣ ትልቅ ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው ብላ እናቴን ከጎኗ አስቀመጠች። እኔ ከኋላ ሆንኩ። መንገዱን ሙሉ እናቴ በአማርኛ፣ እትዬ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱም እኩል ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ ብጠይቅ ሁለቱም አላወቁትም።

ቤቱ ነጭ ነው። ዓምዶቹ ወፍራም፣ በረንዳው ሰፊ፤ ከፊቱ ያሉት ዛፎች ከቤቱም ያረጁ። ስደርስ ያሰብኩትን ልናገር፤ ያማረ ቤት ነው ብዬ አሰብኩ። የእትዬ ወገኖች አርባ ያህል ይሆናሉ፤ ሁሉም ያንኑ ካናቴራ ለብሰው ሣሩ ላይ ቆመዋል። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ ሴቶቹ ተቃቅፈው ይጯጯኻሉ። እኔ ብቻ በሥራ ቀን ሸሚዜ ስለነበርኩ አንዲት ሴት አስጎብኚዋ መስያት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እውነተኛዋ አስጎብኚ በድሮ ሰው አለባበስ ያሸበረቀች ነጭ ወጣት ነበረች። ሳሎኑን አሳየችን፤ ከፈረንሳይ በመርከብ የመጣውን መስታወት፣ ፒያኖውን፣ የእመቤቲቱን አልጋ። «ምግቡን አገልጋዮቹ ከውጭ ማዕድ ቤት ያመጡ ነበር» አለች። ከፊት በትር ይዘው የቆሙት የእትዬ አጎት፣ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በቀስታ፣ «ልጄ፣ አገልጋይ ደመወዝ አለው። ባሮች ነበሩ በይ» አሏት። ልጅቷ ቀላች። «ይቅርታ፣ ጌታዬ። ባሮቹ ያመጡ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ እንዲሁ አለች፤ መስኮቱን ባሮቹ አጸዱት፣ ምድጃውን ባሮቹ አነደዱት፣ ሕፃኑን ባሪያዋ አጠባችው። ሽማግሌው በየጊዜው ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሽማግሌው ምን ብለዋት ነው የደነገጠችው?» አለችኝ።

«ቃል አስተካከሉላት» አልኳት። የትኛውን ቃል እንደሆነ አልነገርኳትም።

ከትልቁ ቤት ጀርባ የባሮቹ ጎጆዎች የነበሩበት ቦታ አለ። ጎጆዎቹ የሉም፤ የቀረው አንድ የጡብ ጭስ መውጫ ብቻ ነው፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ። እሱን አልፈን የሽቦ አጥር ከፍተን ከዛፎቹ ሥር ገባን። መሬቱ ላይ ድንጋዮች አሉ፤ የተጠረቡ አይደሉም፣ ጽሑፍም የላቸውም። መቃብር መሆናቸውን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚያውቀው። እትዬ አንዱ አጠገብ ተንበርክካ ቅጠሉን በእጇ ጠረገችለት። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ ብዬ ብጠይቃት፣ «አላውቅም። ግን ከእነሱ አንዱ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም እጠርጋለሁ» አለችኝ። ያን ጊዜ ቅናቱ እንደ ቃር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አያቴ የተቀበረችበትን ቦታ መጥረጉ ይቅርና ደብሩን እንኳ አላውቀውም።

ክብ ሠርተው ቆሙ። ሽማግሌው አንድ ጠርሙስ ውሃ ያዙ። መጀመሪያ የጠሩት ወደዚያ እርሻ ከመጡት የመጀመሪያዋ የሆነችውን ሴት ነው፤ የአባት ስም የላትም፣ ያላት አንድ ስም ብቻ ነው። ሁሉም ስሟን ተቀብለው ጮክ ብለው ደገሙት፤ ሽማግሌውም መሬቱ ላይ ጥቂት ውሃ አፈሰሱ። ከዚያ በተራ ዞረ። አንዱ አያቱን፣ አንዷ ቅድመ አያቷን ይጠራሉ፤ ክቡም ተቀብሎ ይደግማል፤ ውሃ ይፈሳል። እትዬ ከነሕፃኗ የተሸጠችውን ስትጠራ ድምፅዋ ተሰበረ፤ የሁሉም ድምፅ ግን ደግፎ አነሳው።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ እናቴ።

«የሞቱ ዘመዶቻቸውን እየጠሩ ነው። ባሪያ የነበሩትን።» ቃሉን እናቴ ፊት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኗን ከሰዎቹ አላነሳችም።

«ሁሉም ይጠራል?»

«የፈለገ ይጠራል። እኛ እንግዳ ነን፤ ዝም ብንል አይከፋቸውም።»

ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው በትሕትና፣ «እንግዶቻችንም የሚጠሩት ሰው ካላቸው ይጥሩልን» አሉ። እኔ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ይለፈን ማለቴ ነው። እናቴ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቀችና አንድ ስም ጠራች።

የማላውቀው ስም ነበር። አማርኛ አይደለም፤ የቅዱስ ስምም አይደለም። አጭር ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ መተንፈስ ያለ ነገር አለው። አርባው ሰው አፉ እንደቻለው ተቀብሎ ደገመው። ሽማግሌው ውሃ አፈሰሱ። እናቴ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ማን ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እናቴ ናት።»

«የአያቴ ስም እኮ ሌላ ነው።»

«ያ ክርስትና ሲያስነሷት ጌቶቿ ያወጡላት ነው። ይኼ እናቷ ያወጣችላት ነው።»

ተራው አልፎን ሄደ። ሌሎች ስሞች ተጠሩ፤ እኔም እንደ ሌላው አፌን ከፍቼ እየዘጋሁ ቆምኩ። ውስጤ ግን ይነድ ነበር። ያን ስም ሠላሳ ምናምን ዓመት ከእኔ ሸሽጋ ኖራለች። ያገኘሁት ከአርባ የማላውቃቸው ሰዎች ጋር እኩል፣ በአንድ ጊዜ ነው። እንዲያውም ከእኔ ቀድመው በአፋቸው ጠሩት። ሕፃናቱ እንኳ ጠሩት። እኔ አልጠራሁትም።

ከዚያ በኋላ ከትልቁ ቤት ፊት በዛፎቹ ጥላ ሥር ምሳ ነበር። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ እናቴ ሥጋ አትበላም፤ እትዬ ቀድማ ስለጠየቀችኝ ያለ ሥጋ የተቀቀለ ባቄላና በቆሎ አዘጋጅታላት ነበር። የእትዬ ዘመዶች እየመጡ እናቴን እጇን ይጨብጣሉ፣ ያቅፏታል። ስሙን አስተካክለው ለመጥራት ይሞክራሉ፤ እሷም ደጋግማ ታርማቸዋለች። ከወንበሯ ጎን ቆሜ አስተረጉማለሁ። አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞራ፣ «ታድለሻል፣ እንዲህ ያለች እናት አለችሽ» አለችኝ። «አመሰግናለሁ» አልኳት። አነጋገሬ ሳያስታውቅብኝ አልቀረም፤ ሴትዮዋ ቶሎ ሄደች።

ወደ ዳላስ ስንመለስ እናቴ ከፊት ወንበር ሆና ወደ ኋላ ሳትዞር፣ «ለእሷ ንገሪያት» አለችኝና መናገር ጀመረች። እኔ እየተቀበልኩ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። የገዛ ቤተሰቤን ታሪክ የሰማሁት አስተርጓሚ ሆኜ ነው።

«እናቴን ሲወስዷት የሰባት ዓመት ልጅ ብትሆን ነው» አለች። እኔም በእንግሊዝኛ፣ «እናቴን ሲወስዷት የሰባት ዓመት ልጅ ብትሆን ነው» አልኩ።

ከጊቤ ወዲያ ነው የተወሰደችው። ስንዴ ታበጥር ከነበረች ታላቅ እህቷ አጠገብ ነጥቀው በፈረስ ጫኗት። ብዙ ገበያ አለፈች፤ በመጨረሻ በአንዲት በቅሎ ተለውጣ ወሎ ገባች። የገባችበት ቤት የደግ ሰው ቤት ነው ይባል ነበር፤ ደግ ማለት የማይገርፍ ማለት ነው። ስትፈጭ፣ ስትቀዳ አደገች። ቋንቋዋ ከአፏ ጠፋ። አዋጅ ወጣና ጌትዬው ሰብስበው፣ «ነጻ ናችሁ፣ ወደምትወዱት ሂዱ» አሏቸው። መንገዱን የማታውቅ ልጅ ወዴት ትሂድ? ወፍጮው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እናቴም እዚያው ቤት ተወለደች።

«አባቴን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት» አለች እናቴ። ይህንንም ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። እትዬ መሪውን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። «ንገሪያት፣ እኛም ጋ እንዲሁ ነው» አለች። «ያንን ቤት ያሠራው ሰውዬ የእኔም ቅድመ አያት ነው።» መስታወቱንና ፒያኖውን አስታወስኩ። እሷ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ስታልፍ ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም ነበር።

«እናቴ ልትሞት ስትል ጠራችኝና ስሟን ነገረችኝ» አለች እናቴ። «ሰው ፊት እንዳትጠሪው፣ ይስቁበታል አለችኝ። እነዚህ ግን አይስቁም ብዬ ነው።»

ይህንንም አስተረጎምኩ። ከዚያ መታገስ አቃተኝና በአማርኛ፣ «እኔስ፣ እስቅ ነበር?» አልኳት።

«አንቺ አትስቂም። አንቺ ታፍሪያለሽ። ማፈር ደግሞ ከመሳቅ ይከፋል።»

ሮውሌት አጠገብ ካለው ሐይቅ ድልድይ ላይ ደርሰን ነበር። ውሃው ላይ ጀልባዎች ነበሩ። እትዬ በመስታወቱ አይታኝ፣ «ምን አለች?» አለችኝ። «ደክሟታል፤ ማለቴ፣ ቀኑ ረዥም ነበር አለች» አልኳት።

ለባለቤቴ ወዲያው አልነገርኩትም። ጥቂት ሳምንት ቆይቼ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሞተሩን ሳያጠፋ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ካርቱም ላይ ለምን አልነገርሽኝም ይለኛል ብዬም ነበር። አልተቆጣም።

«በአያቴም ቤት ነበሩ» አለኝ።

«እነማን?»

«እንግዲህ... ነበሩ። እኔ ሳድግ ነጻ ናቸው፤ ግን እዚያው ነው የሚኖሩት። አንዷ አዝላ ያሳደገችኝ ናት። ወተቱን ከራሷ ልጅ አስበልጣ ለእኔ ነበር የምትሰጠው።»

«ስሟ ማን ነበር?»

ብዙ አሰበ። «በቅጽል ነው የምንጠራት። ስሟን እንጃ።»

ሰባት አባት ያለ ስህተት የሚቆጥር ሰው ያዘለችውን ሴት ስም አያውቅም። ይህን ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ፊቱን ሳየው እሱም ያንኑ እያሰበ መሆኑን አየሁና ተውኩት። ያም ሆኖ ቀናሁበት። ከእኔ ጋር አንድ ነገር ላይ ቆመን ሳለ፣ እሱ ላይ ትዝታ ሆኖ ሲቀልለት እኔ ላይ ደም ሆኖ ይከብዳል። ከመኪናው ስንወርድ፣ «ለእህቴ ባትነግሪያት ደስ ይለኛል» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በበዓል አባቶቹን እንዲቆጥር ሲጠይቁት፣ ቃሉ ጠፍቶኛል እያለ ያልፈዋል። ለእናቴ ግን ወንበር ሲያቀርብላት ከወትሮው ይጠነቀቃል።

ከሁሉም የከፋው ከእትዬ ጋር የሆነው ነው። ሥራ ላይ የእናቴን ነገር እያነሳች፣ አጎቷ ስለ እሷ ምን እንዳሉ፣ ዘመዶቿ እንዴት እንደወደዷት ስትነግረኝ አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ቀንቼብሻለሁ፣ እትዬ» አልኳት። «እርሻው አለሽ፣ መቃብሩ አለሽ፣ ስማቸውን የሚደግምልሽ አርባ ሰው አለሽ። አሁን ደግሞ እናቴም አለችሽ።»

የያዘችውን አንሶላ ጫፍ ለቀቀችው። መሬት ነካ። እትዬ የታጠበ አንሶላ መሬት እንዲነካ አትፈቅድም።

«በዚያ ነው የቀናሽው?» አለችኝ። «በዚያ ድንጋይ?»

መልሴን ሳትጠብቅ አንሶላውን አንስታ ወደ ማጠቢያው መልሳ ወረወረችውና ሄደች። ለቀናት ለሥራ ከሚያስፈልገው ቃል በቀር አላናገረችኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ የተናገርኩት እውነት ነበር፣ እውነቱን እንዴት እንደምመልሰው አላወቅኩም።

በኋላ ምሳ ላይ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። ሳንድዊቿን አልፈታችውም።

«እናትሽ እዚህ ስልክ ስትደውልልሽ ማሽኑን ለምን እንደማጠፋ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ጩኸቱ እንዳይረብሸኝ ነዋ።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም። ስታወሪ ለመስማት ነው። የመጀመሪያዋ እናታችን፣ አጎቴ ቀድመው የሚጠሯት፣ ለልጇ ስትናገር በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም። ያ የጠራንላት ስም እንኳ የገዛት ሰው ያወጣላት ነው። እናትሽ የእናቷን እውነተኛ ስም ስትጠራ ሰማሁ። እኔ የለኝም። በአርባ ሰው መካከል ቆሜ በእናንተ ስቀና ነበር፤ ዝም አልኩ እንጂ።»

ሁለታችንም ምግባችንን አልነካንም። ታረቅን ለማለት ያስቸግራል፤ ቅናት እንደ ጥል በይቅርታ አይወርድም። ግን ተነስተን ወደ ሥራችን ስንመለስ አንሶላውን ለሁለት ይዘን ነበር፤ ወሬውንም ቀጠለች።

እናቴ ከዚያ በኋላ በየሰኔው ከእትዬ ጋር ሄደች። እኔ አንዳንዱን ዓመት አብሬ ሄድኩ፤ አንዳንዱን ሺፍቴ ያዘኝ። ያለ እኔ በሚሄዱበት ጊዜ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ግን ከእናቴ ያልሰማሁትን ነገር እትዬ ሥራ ላይ ትነግረኛለች። አያቴ ግራኝ እንደነበረች ያወቅኩት ከእሷ ነው። እናቴ አምሽታ ጫማዋን እያወለቀች ስትገባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነገርሻቸው ብዬ እጠይቃታለሁ። አንዳንዱን ትነግረኛለች።